ሴሎቹ ሲመቻቸው ጠርጥሩ

የሰው ጽንስ ስቴም ሴሎችን በላብራቶሪ ስለማሳደግ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የቀረበ ንግግር፣ በጽሑፍ

ወደዚህ ሥራ ለሚገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ሴሎቹ ስስ መሆናቸው ነው። አልተዋሸም። አንድ ቀን ምግባቸው ከተዘነጋ መልካቸው ይለወጣል፤ በፒፔት ጠንከር ተደርገው ከተመቱ ያልቃሉ፤ ነጠላ ነጠላ ሆነው ከተበተኑ አብዛኞቹ እስከ ማግስቱ አይቆዩም። እኔ ግን ዛሬ ይበልጥ የምፈራላችሁ የዚህን ተቃራኒ ነው። ለወራት ሲያስቸግር የከረመ ካልቸር፣ ማለትም በዲሽ የሚያድግ የሴል ስብስብ፣ ድንገት ሲገራ፣ በአምስት ቀን ይሞላ የነበረው ዲሽ በአራት ቀን ሲሞላ፣ ከተከፈለ በኋላ የሚሞተው ሴል ሲያንስ፣ ብዙ ሰው "እጄ ተፍታታ" ብሎ ይደሰታል። እጁ ተፍታቶ ሊሆን ይችላል። ዲሹ ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን በፊት የነበሩት ላይሆኑም ይችላሉ። ወደዚህ እመለስበታለሁ፤ አስቀድመን ግን ሴሉ ምን እንደሆነና በየቀኑ ምን እንደሚፈልግ እንይ።

የጽንስ ስቴም ሴል፣ አንዳንዶች ግንደ ሕዋስ የሚሉት፣ በተፈጥሮው አላፊ ነው። እንቁላልና የወንድ ዘር ከተገናኙ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ጽንሱ ብላስቶሲስት የሚባል፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ትንሽ ኳስ ይሆናል። የውጩ ሽፋን ወደ እንግዴ ልጅ ያመራል። ከውስጥ በአንድ ወገን ተለጥፎ የሚታየው የሴል ክምር ደግሞ መላ አካልን የሚሠራው ነው። ይህ ክምር በማህፀን ውስጥ እንደዚያ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ ቆዳ፣ ነርቭ፣ ደም፣ አንጀት ወደ መሆን ይሄዳል። እኛ የያዝነው ሥራ ያቺን የጥቂት ቀናት ዕድሜ በዲሽ ውስጥ አግቶ ለዓመታት ማቆየት ነው። ሴሉ ሁልጊዜ መሄድ ይፈልጋል፣ እኛ በየቀኑ እንይዘዋለን። የምግቡም፣ የወለሉም፣ የአከፋፈሉም ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የአይጥ ጽንስ ስቴም ሴሎች የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካውፍማን በእንግሊዝ፣ ጌይል ማርቲን በአሜሪካ፣ በየፊናቸው አወጧቸው። የሰውን ለማግኘት 17 ዓመት ተጨማሪ ፈጀ። ጄምስ ቶምሰን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1995 መጀመሪያ የሬሰስ ጦጣን፣ በ1998 ደግሞ የሰውን አወጣ። የዘገየው በሕግና በገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ከአይጥ የተማርነው ለሰው ስላልሠራም ጭምር ነው። በ1988 ሊፍ የተባለው ፕሮቲን የአይጥን ሴሎች ስቴም ሴል አድርጎ እንደሚያቆያቸው ታውቆ ነበር። የሰውን ሴል ግን ሊፍ ብቻውን አይዘውም። ቢኤምፒ 4 የሚባለው ምልክት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ከሊፍ ጋር ሆኖ የአይጥን ሴል ባለበት ሲያጸና፣ የሰውን ሴል ወደ እንግዴ ልጅ ዓይነት ሴል ይነዳዋል። አንዱን ሴል የሚያቆም ምልክት ሌላውን ገፍቶ ይጥላል ማለት ነው። የአይጥ ካልቸር ለምዶ የመጣ ሰው ልማዱን በር ላይ ጥሎ ይግባ የምለው ለዚህ ነው። የሰው ሴል የሚፈልገው ኤፍጂኤፍ 2 የሚባለውን የእድገት ፕሮቲን እና የቲጂኤፍ ቤታ ወይም የአክቲቪን ምልክትን ነው።

የቶምሰን ቡድን የውስጡን ክምር ያወጣው ኢሚውኖሰርጀሪ በሚባል ዘዴ ነበር። የብላስቶሲስቱ መጠቅለያ በኢንዛይም ይሟሟል። ከዚያ ከሰው ሴል ጋር የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። የውጩ ሽፋን ሴሎች እርስ በርስ ጥብቅ ብለው የተሰፉ ስለሆኑ ፀረ እንግዳው አካል ወደ ውስጥ አያልፍም፤ የሚለጠፈው ውጪ ባሉት ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ኮምፕሊመንት፣ ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈበትን ሴል የሚበሳ የደም ፕሮቲን፣ ሲጨመር የውጪዎቹ ይፈነዳሉ፣ የውስጡ ክምር ይተርፋል። ክምሩ መከፋፈል እንዲያቆሙ በተደረጉ የአይጥ ፋይብሮብላስቶች (መጋቢ በሚባሉ የተያያዥ ሥጋ ሴሎች) ላይ ይቀመጣል። ከ9 እስከ 15 ቀን ሲቆይ ዙሪያውን የሚበቅለው በትናንሽ ጓል ተከፍሎ ወደ አዲስ ዲሽ ይዛወራል። በዚህ መንገድ ከ14 ክምሮች 5 መስመሮች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከአንድ ጽንስ ወጥተው ያለማቋረጥ የሚራቡ የሴል ዘሮች፣ ተገኙ፤ ኤች 1፣ ኤች 7፣ ኤች 9፣ ኤች 13 እና ኤች 14። ዛሬም በብዙ ላብራቶሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ያለው ኤች 9 ይኸው ነው፤ ኤች 1፣ ኤች 13 እና ኤች 14 ወንድ፣ ኤች 7 እና ኤች 9 ሴት ናቸው።

ጽንሶቹ ከማህፀን ውጪ በሚደረግ የማዳቀል ሕክምና የተፈጠሩና ባለቤቶቻቸው በጽሑፍ ፈቅደው ለምርምር የሰጧቸው ናቸው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ አገር አዲስ መስመር ማውጣትን ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ነባሮቹን መጠቀም ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይከለክላል። በዲሽ ውስጥ ጽንስን ከ14 ቀን በላይ አለማሳደግ የሚለው ገደብም በብዙ ቦታ ሕግ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመስመሩ የፈቃድ ሰነድ እጃችሁ መግባት አለበት። ሰነድ የሌለው ሴል ከጓደኛ በስጦታ ቢመጣም አትቀበሉት፤ በኋላ ውጤታችሁን የሚያሳትምላችሁ አይኖርም።

አሁን ወደ ዲሹ እንግባ። ሴሉ በባዶ ፕላስቲክ ላይ አይቆምም፣ ወለል ያሻዋል። የድሮው ወለል የአይጥ መጋቢ ሴሎች ናቸው። እነሱን በሚቶማይሲን ሲ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም አድርጎ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ማቆየት ወይም በጨረር መምታት መከፋፈላቸውን ያቆማል። ሚቶማይሲኑ ታጥቦ ካልወጣ ግን የሚጎዳው ስቴም ሴሉን ነው፤ አንድ ጊዜ አለቅልቆ ማለፍ አይበቃም፣ ሦስት ጊዜ ይታጠብ። መጋቢ ሴል ርካሽና ይቅር ባይ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ በዲሹ ውስጥ የምትለኩት ነገር ከማን እንደመጣ አታውቁም፣ ሌላው ደግሞ የእንስሳ ነገር ወደ ሰው ሴል ይገባል። በ2005 የታተመ ሥራ በአይጥ መጋቢዎችና በእንስሳ ሴረም ያደጉ የሰው ሴሎች የሰው አካል የማይሠራውን አንድ የሲያሊክ አሲድ ዓይነት ከምግባቸው ወስደው በገጻቸው ላይ እንደለጠፉት አሳይቷል። ለሕክምና የሚታሰብ ሴል ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ወለል ማትሪጄል ነው፤ ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ የፕሮቲን ድብልቅ። ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ መርጋት ይጀምራል፣ ከረጋ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ የሚቀልጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በበረዶ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ፒፔቱም፣ ቱቦውም፣ ማቅጠኛው ሚዲየምም አስቀድሞ ይቀዝቅዝ። በሞቀ ፒፔት ጫፍ የተቀዳ ማትሪጄል እዚያው ጫፉ ውስጥ ይቋጠርና የቀረው ስስ ሆኖ ፕሌቱ ላይ ይፈሳል። በማግስቱ ሴሎቹ ግማሹ ጉድጓድ ላይ ተይዘው ግማሹ ላይ ሲንሳፈፉ ታያላችሁ፤ ጥፋተኛው ሴሉ ይመስላል፣ ጥፋቱ ግን የወለሉ ነው።

ሦስተኛው ቪትሮኔክቲን ወይም ላሚኒን 521 ያሉ ነጠላ ፕሮቲኖች ናቸው። ቪትሮኔክቲን በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ማይክሮግራም ሆኖ፣ ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በአንድ ጉድጓድ 1 ሚሊ ሊትር ፈስሶ፣ በክፍል ሙቀት አንድ ሰዓት ይቆያል። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ ነው የምለው፤ ማትሪጄል ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ ገና ለሚማር ሰው የሚታየው ለውጥ ከእጁ ይሁን ከጠርሙሱ መለየት ያስቸግራል።

ምግቡ ከብዙ ክለሳ በኋላ ቀለል ብሏል። በ2011 ከቶምሰን ላብራቶሪ የወጣው ኢ 8 የሚባለው ሚዲየም ስምንት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ መነሻው ዲኤምኢኤም ኤፍ 12፣ ኢንሱሊን፣ ትራንስፈሪን፣ ሴሊኒየም፣ የቫይታሚን ሲ ዓይነት፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ኤፍጂኤፍ 2 እና ቲጂኤፍ ቤታ 1። አልቡሚን የለውም፣ ሴረምም የለውም። ኤፍጂኤፍ 2 በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ናኖግራም፣ ቲጂኤፍ ቤታ 1 ደግሞ 2 ናኖግራም ነው። ኤፍጂኤፍ 2 ይህን ያህል የበዛው ሴሉ ስስታም ስለሆነ ሳይሆን ፕሮቲኑ ሙቀት ስለማይችል ነው፤ በ37 ዲግሪ አንድ ቀን ሲውል አብዛኛው ኃይሉ ይጠፋል። ሚዲየም በየቀኑ የሚለወጥበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ አንድ ልማድ ይከተላል፦ ሙሉውን ጠርሙስ በየቀኑ ውሃ ማሞቂያ ውስጥ አትክተቱ። የዕለቱን ብቻ ቀድታችሁ በክፍል ሙቀት ይለዝብ። ጠርሙሱን በየጠዋቱ 37 ዲግሪ የሚያሞቅ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ኤፍጂኤፍ የሌለው ሚዲየም እየመገበ ነው፤ ሴሎቹ መበላሸት ሲጀምሩም "ምን ነካቸው" ይላል። ኢ 8 ተቀላቅሎ ካለቀ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ለሁለት ሳምንት ነው፤ የተቀላቀለበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።

ኢንኩቤተሩ 37 ዲግሪ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ፣ የውሃ ትሪው ሁልጊዜ ሙሉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልቆይበትም።

ብዙ የምቆየው ማይክሮስኮፑ ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው የሚለየው እዚህ ነው። ፕሌቱን አውጥታችሁ መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት። የሚዲየሙ ቀለም ቀይ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ይሁን፤ ቢጫ ከሆነ ሴሉ በዝቷል፣ አሲዱ ተጠራቅሟል። ሐምራዊ ካደላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እዩ። ከዚያ በትንሹ ማጉያ መላውን ጉድጓድ ተዘዋወሩበት፤ ቀጥሎ በ10 እጥፍ። ደህና ኮሎኒ (ተያይዞ የሚያድግ የሴል መንጋ) ዝርግ ነው፤ እንደ አይጡ ጉልላት አይሠራም። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ጥርት ያለ ነው። ሴሎቹ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ መሃላቸው ያለው ወሰን በብርሃን ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ኒውክሊየሱ ሴሉን ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ በውስጡም አንድ ሁለት ደማቅ ኒውክሊዮለስ ጉልህ ብሎ ይታያል። ይህን መልክ በቃል የሚያውቅ ዓይን ይኑራችሁ።

መበላሸት ሲጀምር የሚታየው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ሴሎች ከመንጋው ወጥተው ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ እግር ያወጡ ይመስላሉ። ሌላው መሃል ላይ ነው፤ ኮሎኒው ከልክ በላይ አድጎ መሃሉ ይከመርና ቡናማ ቢጫ ሆኖ ብርሃን አላሳልፍ ይላል። የጠርዙ ብዙ ጊዜ የምግብ ወይም የወለል ችግር ነው፣ የመሃሉ ደግሞ ቀን የማሳለፍ። ትንሽ ከሆነ በማይክሮስኮፕ ሥር በፒፔት ጫፍ ተፍቆ ይወጣል፤ የመፋቂያውን አቅጣጫ ከውጭ ወደ ኮሎኒው ሳይሆን ከኮሎኒው ወደ ውጭ አድርጉት፤ አለዚያ ደህናውን ይቦጭቀዋል። ከጉድጓዱ አምስት አንዱ ያህል ከተበላሸ ግን አትድከሙ፤ ጥላችሁ ከባንኩ፣ ማለትም ቀዝቅዞ ከተቀመጠው የሴል ክምችት፣ አዲስ ቱቦ አቅልጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲፍቁ መክረም ጽናት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ጊዜ ማባከን ነው የምለው።

የሚከፈልበት ቀን ዲሹ ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲሞላ ነው። ሴሎቹ ነጠላ ነጠላ ሳይሆኑ በትናንሽ ጓል እንዳሉ መዛወር አለባቸው። ኢዲቲኤ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ኢንዛይም አይደለም፣ ሴሎቹ የሚያያዙበትን ካልሲየም ብቻ ይነጥቃል። አሠራሩ ይህ ነው። ሚዲየሙን አንሱ። ካልሲየምና ማግኒዚየም በሌለው ጨዋማ መፍትሔ ውስጥ በተዘጋጀ 0.5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ሁለት ጊዜ እጠቡ። ሦስተኛውን 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩና በ37 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ሴሉን ተከተሉ። ኮሎኒው መሃል ቀዳዳ ቀዳዳ ሲታይ፣ ሴሎቹም መክበብ ሲጀምሩ፣ ገና ከወለሉ ሳይነሱ፣ ኢዲቲኤውን አንሱት። ፈሳሹን ስታነሱ ሴሉ አብሮ ከወጣ ዘግይታችኋል። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ሚዲየም በፒፔት ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አፍስሱ። ጓሉ ከ50 እስከ 200 ማይክሮሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ላይ መዘግየት አያዋጣም፤ ሚዲየሙ ውስጥ ካልሲየም ስላለ ከደቂቃ ደቂቃ መልሰው ይጣበቃሉ፤ የቀረውን ለማንሳት ደጋግማችሁ ስትመቱ ጓሉ ወደ ነጠላ ሴል ይበተናል። ያልተነሳው ይቅር። ስስት ብዙ ካልቸር ገድሏል።

በ1 ለ6 ወይም በ1 ለ10 ከፍላችሁ አዲሱ ጉድጓድ ላይ ስታስቀምጡ ፕሌቱን አታሽከርክሩት። ሽክርክሩ ጓሎቹን መሃል ላይ ይከምራቸዋል፣ እዚያ ይጣበቃሉ፣ እዚያው ይበላሻሉ። ወደ ግራ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ኢንኩቤተር ውስጥ አስገቡት፤ እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ነጠላ ሴል ለምን ይሞታል? ይህ ለዓመታት እንቆቅልሽ ነበር። በ2007 ዮሺኪ ሳሳይ ይመሩት ከነበረው የጃፓን ላብራቶሪ የወጣ ሥራ ዋይ 27632 የሚባል፣ ሮክ ኪናዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር ሲጨመር ከተበተኑት ሴሎች ኮሎኒ የሚያበጁት ከ1 በመቶ ገደማ ወደ 27 በመቶ ገደማ እንደሚያሻቅቡ አሳየ። ምክንያቱ በኋላ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ ሴሉ ከጎረቤቱ ጋር የተያዘበት ካድኸሪን ሲለቅ የውስጡ ጡንቻ መሰል መረብ ያለ ልክ ይኮማተራል። የሴሉ ገጽ እንደሚፈላ ውሃ ይፎከፎካል፣ ከዚያ ይሞታል። ማገጃው መኮማተሩን ያስቆማል። መጠኑ 10 ማይክሮሞላር፣ ጊዜው 24 ሰዓት። ከቀዝቃዛ ስትቀሰቅሱ፣ ሴል ቆጥራችሁ ስትዘሩ፣ ጂን ስታስገቡ ያስፈልጋል። በኢዲቲኤ ጓል ስትከፍሉ ግን አታዘውትሩት። በሚቀጥለው ቀን ሚዲየም ሲቀየር ማውጣቱን አትርሱ። እስካለ ድረስ ሴሎቹ ቀጭን፣ ረጃጅም፣ እጅ እግር ያወጡ ሆነው ይታያሉ፤ ይህ መበላሸት አይደለም፣ ሲወጣ ይመለሳሉ።

ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ላይ አጭር እሆናለሁ። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ አለበት። ሴሉ እዚያ ውስጥ ከገባ በኋላ በክፍል ሙቀት እያቆያችሁ አታውሩ። በደቂቃ 1 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን። ከዜሮ በታች 80 ላይ ለወራት የተረሳ ቱቦ ውስጥ በረዶው ቀስ በቀስ ያድጋል፣ ሴሉንም ይበሳዋል። ስትቀሰቅሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ፍጠኑ። 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ወዘወዝ አድርጉና የሽንብራ ፍሬ የምታህል በረዶ ሲቀር አውጡት። ሚዲየሙን ጠብታ በጠብታ ጨምሩ፤ በአንዴ ከተጨመረ ውሃው ወደ ሴሉ እየጎረፈ ያፈነዳዋል።

ስለ ብክለት አንድ ነገር ብቻ። ባክቴሪያና ሻጋታ ይታያሉ፤ ዲሹ ይደፈርሳል፣ ክር ያወጣል፣ ትጥሉታላችሁ። ማይኮፕላዝማ ግን አይታይም። ከተራው ባክቴሪያ እንኳ በጣም ያነሰ ነው፤ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል፣ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ ሚዲየሙንም አያደፈርስም። አርጊኒኑን ይበላል፣ ሴሉ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል፣ የጂን ልኬታችሁ ይዛባል። ምንጩ ብዙ ጊዜ ያልተመረመረ አዲስ ሴል ነው፣ አንዳንዴ የሠራተኛው አፍ። ስለዚህ በፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን አትመኩ። እንዲያውም አንቲባዮቲክ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ፤ እጃችሁ ሲሳሳት ዲሹ ወዲያው ይነግራችኋል። አዲስ የመጣ ሴል በተለየ ኢንኩቤተር ይቆይ፣ ፒሲአር በሚባለው የዲኤንኤ ምርመራ ይመርመር፣ ከዚያ ይግባ። የራሳችሁን ደግሞ በየወሩ።

አሁን መጀመሪያ ወዳነሳሁት እመለሳለሁ። ሴሎቹ ለምን ድንገት ይገራሉ?

ዲሹ ምርጫ የሚካሄድበት ቦታ ነው። በየፓሴጁ፣ ማለትም ሴሉ ተከፍሎ ወደ አዲስ ዲሽ በተዛወረ ቁጥር፣ ብዙ ሴል ይሞታል፤ የሚተርፈው ለመትረፍ የተሻለው ነው። በሚሊዮኖች መካከል አንዱ በስህተት አንድ የክሮሞዞም ቁራጭ በድርብ ቢይዝና ያ ቁራጭ ከሞት የሚያድን ጂን ቢኖረው ልጆቹ ይበዛሉ። ስሌቱን በወረቀት እንሥራው። ከ1000 ሴል አንዱ እንዲህ ሆነ እንበል፤ ከፓሴጅ የመትረፍ ዕድሉ ከሌሎቹ እጥፍ ነው። በየፓሴጁ ድርሻው ከሌሎቹ አንፃር በ2 ይባዛል። ከ10 ፓሴጅ በኋላ 2 አሥር ጊዜ ሲባዛ 1024 ነው፤ ዲሹ ውስጥ ግማሹ እሱ ሆኗል። በየ5 ቀኑ ብትከፍሉ 50 ቀን ነው፤ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ከ14 ፓሴጅ በኋላ ደግሞ ጤነኞቹን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ በወረቀት ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እየተደጋገሙ የሚታዩት ለውጦች ይታወቃሉ፦ የ12ኛ፣ የ17ኛ፣ የ20ኛ፣ የ1ኛ እና የኤክስ ክሮሞዞም መጨመር። በተለይ ከ20ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ያለች ትንሽ ቁራጭ ትደገማለች። በ2011 የታተመና 125 የጽንስ ስቴም ሴል መስመሮችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ከአምስት መስመር በአንዱ ያህል አግኝቷታል። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ቢሲኤል 2 ኤል 1 የሚባል ጂን አለ፤ ሥራው ሴልን ከሞት መከላከል ነው። ነጠላ ሴል ሆኖ መበተንን የሚቋቋመው፣ ከቀዝቃዛ ሲወጣ የማይሞተው ሴል ማን እንደሆነ አሁን ገባችሁ። በ2017 ደግሞ 140 መስመሮች ሲመረመሩ በ5ቱ ውስጥ በፒ 53 ጂን ላይ ሚውቴሽን ተገኘ፤ በሰው ካንሰር ውስጥ የሚታወቁት ዓይነቶች። ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሥር ውብ ናቸው። የስቴም ሴል ምልክት የሆኑት ኦክት 4ም፣ ናኖግም ሙሉ ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ምርመራውም የራሱ ዕውርነት አለው። የተለመደው የክሮሞዞም ባንድ ምርመራ፣ ካርዮታይፕ፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ያነሰ ለውጥ አያይም፤ ያቺ የ20ኛው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከዚያ ታንሳለች። በተጨማሪ 20 ሴል ብቻ ቆጥሮ "ደህና ነው" የሚል ወረቀት፣ ከዲሹ 14 በመቶ ያህሉ የተለወጠ ቢሆን እንኳ በ5 በመቶ ዕድል ሊያመልጠው ይችላል፤ 5 በመቶው ብቻ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ማምለጡ ይበልጣል። ስለዚህ ካርዮታይፕን እነዚህን ተደጋጋሚ ለውጦች ከሚፈልግ የፒሲአር ምርመራ ጋር አጣምሩ። በየ10 ፓሴጁ አንድ ጊዜ፣ ባንክ ሲሠራ፣ ጂን ከተቀየረ በኋላ፣ የእድገቱ ፍጥነት በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ወዲያው።

ከምርመራው በላይ የሚረዳው ግን ባንኩ ነው። ሴሉ እንደደረሳችሁ 20 ቱቦ ያህል አቀዝቅዙ፣ ሁለቱን ቀስቅሳችሁ ሁሉንም ፈትሹ። ከዚያ ሥራችሁን ከ10 እስከ 15 ፓሴጅ ሠርታችሁ ጣሉና አዲስ ቱቦ ቀስቅሱ። ዲሹን ለዓመት እየጎተተ የሚኖር ላብራቶሪ ዝግመተ ለውጥ እያጠና ነው፤ ሳያውቀው። በጣም እስኪጨናነቅ መተውም አሲዱ ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ነገሩን ያፈጥነዋል፤ ነጠላ ሴል አድርጎ መክፈልም ምርጫውን ያጠነክራል። ጓል አድርጎ የመክፈል ድካም የሚከፈለው ለዚህ ነው።

የፕሉሪፖተንሲ፣ ማለትም ማንኛውንም የአካል ሴል የመሆን ችሎታ፣ መፈተኛዎችን በአጭሩ። ከውስጥ ኦክት 4፣ ሶክስ 2 እና ናኖግ፣ ከገጽ ኤስኤስኢኤ 4፣ ትራ 1-60 እና ትራ 1-81 በቀለም ይታያሉ። ኤስኤስኢኤ 1 በአይጥ ስቴም ሴል ላይ ሲኖር በሰው ላይ መታየቱ የመበላሸት ምልክት ነው። ይህ ሁሉ ሴሉ አሁን ምን እንደሚመስል እንጂ ምን ሊሆን እንደሚችል አይነግርም። ለዚያ በተንሳፋፊ ጓል አሳድጎ ወደ ሦስቱ የጽንስ ሽፋኖች መሄዱን ማየት፣ ወይም በሽታ የመከላከል አቅም በሌለው አይጥ ውስጥ የሚሠራውን ቴራቶማ፣ ብዙ ዓይነት ሥጋ የያዘ ዕጢ፣ መመርመር ያስፈልጋል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን ልመልስ።

የሺንያ ያማናካ አይፒኤስ ሴሎች (ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሱ ተራ የአካል ሴሎች) ከ2007 ጀምሮ ከቆዳ ሴል እየተሠሩ ሳለ የጽንሱ ለምን ይቀጥላል? ሁለቱም ይቀጥሉ። የጽንሱ ማነጻጸሪያ ነው፤ አይፒኤሱ ወደ ስቴም ሴልነት በሙሉ ተመልሶ ይሁን አይሁን የሚለካው ከእሱ ጋር ነው። በዲሽ ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት እንክብካቤ ነው የሚፈልጉት፤ የ20ኛው ክሮሞዞም ችግርም ሁለቱንም ይነካል።

ቅዳሜና እሑድ ማን ይመግባል? ዓርብ ማታ የሚዲየሙን መጠን እጥፍ አድርጋችሁ፣ ሙቀት የሚችል ኤፍጂኤፍ 2 ባለው ሚዲየም አንድ ቀን መዝለል ይቻላል። ዲሹ ከግማሽ በታች ሲሆን ብቻ። ሊሞላ የደረሰ ከሆነ ዓርብ ክፈሉት።

ቱቦው ላይ ምን ይጻፍ? የመስመሩ ስም፣ ከመጀመሪያው የተቆጠረ የፓሴጅ ቁጥር፣ ወለሉና ሚዲየሙ፣ ቀኑ፣ የሠራው ሰው ፊርማ፣ የመጨረሻው የክሮሞዞም ምርመራ የተደረገበት ፓሴጅ። ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በ30ኛ ፓሴጅ የመጣን ሴል 12 ጊዜ ከፍላችሁ ከሆነ 42 ነው እንጂ 12 አይደለም። የምትጽፉበት ቀለም ደግሞ በአልኮል የማይለቅ ይሁን፤ ቱቦው ከናይትሮጅን እንደወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው በአልኮል መጠረግን ነው።